ሶሌኖይድ ቫልቭ ስንት አየር ይበላል? ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢው የሚሆን አሰላልና የቫልቭ ምርጫ

የ5/2 ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ፣ አምስት ቀዳዳና ሁለት አቋም ያለው የአየር ቫልቭ) ካታሎግ ሲገለጥ «600 ሊትር በደቂቃ» የሚል ቁጥር ይገኛል። ማሽኑ አሥር ቫልቭ አለውና 6,000 ሊትር በደቂቃ የሚሰጥ ኮምፕሬሰር ይገዛ ብሎ መደምደም የተለመደ ስህተት ነው፤ ውድም ነው። ያ ቁጥር የሚናገረው ስለ በሩ ስፋት ነው፤ በበሩ ስንት ሰው እንዳለፈ አይናገርም። የሚለካውም መግቢያው ላይ 6 ባር፣ መውጫው ላይ 5 ባር ተይዞ አየሩ ሳያቋርጥ ሲፈስ ነው። ሲሊንደር የሚነዳ ቫልቭ ግን በዚያ አኳኋን የሚሠራው ለሰከንድ ክፋይ ብቻ ነው፤ ሲሊንደሩ ሞልቶ ሲቆም ፍሰቱም ይቆማል።

እንግዲህ «ቫልቩ ስንት ይበላል» የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው ከቫልቩ ኋላ ስላለው ነገር የሚጠየቅ ነው፦ ስለ ሲሊንደሩ፣ ስለ ቱቦው፣ ስለሚነፋው ቀዳዳና ስለሚያፈሰው ጎማ። ይህን ለማወቅ አራት መንገድ አለ። በሲሊንደር ይዘት ማስላት፣ በቀዳዳ ስፋት ማስላት፣ የታንኩን ግፊት አወራረድ በሰዓት መያዝ፣ በፍሎው ሜትር (በፍሰት መለኪያ) መለካት። ማሽኑ ገና ካልተገዛ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ማሽኑ ቆሞ እየሠራ ከሆነ ሦስተኛውን አስቀድሙ፤ ወጪው አንድ የእጅ ሰዓት ነው፣ ውጤቱም ስሌት የማያየውን ፍሳሽ ጭምር ይይዛል። አራተኛው የሚያዋጣው አጠቃቀሙን በየፈረቃው እየተከታተለ የሚመዘግብ ሰው ሲኖር ነው። ያለበለዚያ ሜትሩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ከስሌቱ በፊት፦ ከፍታው

የካታሎግ ሠንጠረዦች የተዘጋጁት ለባሕር ወለል ነው፤ እዚያ የከባቢ አየር ግፊት 1.013 ባር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ ግፊቱ 0.715 ባር ገደማ ነው። ወደ 1,280 ሜትር የሚጠጋው ሸዋ ሮቢት 0.87 ባር አካባቢ ያገኛል። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው መሐል ሜዳ ደግሞ ከ0.7 ባር በታች ይወርዳል። ንፍሮ ደብረ ብርሃን ላይ ከሸዋ ሮቢት ይልቅ ብዙ እንጨት የሚፈጀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው 91 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል፣ ከዚያ በላይም አይሞቅም።

ለአየር መስመር ትርጉሙ ይህ ነው። ማኖሜትር (የግፊት መለኪያው) የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ስለዚህ 6 ባር ሲል ደብረ ብርሃን ላይ ፍጹም ግፊቱ 6.715 ባር ነው። አንድ ሊትር የሲሊንደር ቦታ በዚህ ግፊት ለመሙላት ኮምፕሬሰሩ ከደጅ የሚስበው 6.715 ÷ 0.715፣ ማለትም 9.4 ሊትር ነው። ባሕር ወለል ላይ 7.013 ÷ 1.013፣ ማለትም 6.9 ሊትር ይበቃ ነበር። ልዩነቱ 36 በመቶ ገደማ ነው። ከውጭ የመጣ ማሽን መመሪያው ላይ ያለውን የአየር ፍጆታ ይዘው ኮምፕሬሰር የገዙ ሁሉ «ግፊቱ አይደርስልንም» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው።

በሲሊንደር ይዘት ማስላት

አንድ ሲሊንደር እንውሰድ፦ ዲያሜትሩ 50 ሚሜ፣ ዘንጉ 20 ሚሜ፣ ምቱ 200 ሚሜ፣ በደቂቃ 20 ጊዜ ወጥቶ የሚገባ፣ በ6 ባር የሚሠራ። የፒስተኑ ስፋት 19.6 ካሬ ሴሜ ስለሆነ ሲወጣ የሚሞላው 0.393 ሊትር ነው። ሲገባ የዘንጉ ቦታ (3.1 ካሬ ሴሜ) ይቀነስና 0.330 ሊትር ይሆናል። ድምሩ 0.723 ሊትር። በ9.4 ሲባዛ ለአንድ ዑደት 6.8 ሊትር የደብረ ብርሃን አየር ይወጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ቱቦው ይቀራል። ከቫልቩ እስከ ሲሊንደሩ የውስጥ ስፋቱ 6 ሚሜ የሆነ ሁለት ቱቦ፣ እያንዳንዱ 3 ሜትር ቢሆን በጠቅላላ 0.17 ሊትር ይይዛል። ይህ ቦታ በእያንዳንዱ ዑደት ሞልቶ ይፈስሳል፤ አንድም ሥራ ግን አይሠራም። ማባዣው ከሲሊንደሩ ይለያል። ሲሊንደሩ ምቱን ሲጀምር የሚሞላው ወገን ባዶ ቦታው ከዜሮ ስለሚነሳ ሙሉው ፍጹም ግፊት ይቆጠራል። ቱቦው ውስጥ ግን ከተፈሰሰ በኋላም የከባቢ አየር ስለሚቀር የሚጨመረው 6 ባሩ ብቻ ነው፦ 6 ÷ 0.715 = 8.4። ስለዚህ ቱቦው 1.4 ሊትር ይወስዳል። ጠቅላላ 8.2 ሊትር በዑደት፣ 164 ሊትር በደቂቃ። ይኸው ማሽን ባሕር ወለል ላይ 120፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 138 ሊትር በደቂቃ ይሆን ነበር።

ስሌቱ በሁለት በኩል ሊያሳስት ይችላል። ፍጥነቱ በማነቂያ ብሎን በጣም ታፍኖ ሲሊንደሩ ጫፍ እንደ ደረሰ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ ግፊቱ 6 ባር ሳይሞላ ስለሚለቀቅ እውነተኛው ፍጆታ ከስሌቱ ያንሳል። ኩሽን (ጫፍ ላይ ምቱን የሚያለሰልስ ክፍል) ያለው ሲሊንደር፣ ትልልቅ ፊቲንግና ረጅም የማኒፎልድ (ቫልቮቹ የሚደረደሩበት የጋራ መሠረት) ቀዳዳ ሲኖር ደግሞ ባዶ ቦታው ይጨምራል። 10 በመቶ መጨመር ለአብዛኛው ማሽን በቂ ነው። ከዚያ በላይ «ለጥንቃቄ» ብሎ መጨመር ትልቅ ኮምፕሬሰር ገዝቶ ባዶውን ማዞር ነው።

የካታሎጉ ቁጥር ቦታ የሚያገኘው አሁን ነው። ሲሊንደሩ በ0.4 ሰከንድ እንዲወጣ ከተፈለገ በዚያች ቅጽበት አንዱን ቱቦ ጨምሮ 3.1 ኖርማል ሊትር (በባሕር ወለል ግፊት የተለካ ሊትር) ማለፍ አለበት። ይህ በደቂቃ ሲተረጎም 470 ያህል ነው። ባለ 600ው ቫልቭ ይበቃል፤ ባለ 300ው ሲሊንደሩን ያዘገየዋል። ባለ 1,200ው ተገዝቶ ቢገጠምም ያው 164 ሊትር ነው የሚበላው፣ አየር አያባክንም፤ የሚባክነው የመግዣው ገንዘብ ነው። አንዳንድ ካታሎግ በሊትር ፈንታ ሲቪ (Cv) የተባለውን የማሳለፍ አቅም መለኪያ ይጽፋል፤ 1 ሲቪ ወደ 984 ሊትር በደቂቃ ይመጣል። በአይኤስኦ 6358 መሠረት የሚጽፉት ሁለት ቁጥር ይሰጣሉ፦ የአየር ማሳለፍ አቅሙንና ፍሰቱ መታፈን የሚጀምርበትን የግፊት ምጣኔ። ሁለት ቫልቭ ለማወዳደር ከሁሉም የሚታመነው ይኸኛው ነው።

የሚነፋ ቫልቭ ሲሆን

ጠርሙስ የሚያደርቅ፣ ብናኝ የሚጠርግ፣ የተበላሸ ዕቃ ከማጓጓዣ ላይ በአየር የሚገፋ 2/2 ቫልቭ (ሁለት ቀዳዳ ያለው፣ የሚከፍትና የሚዘጋ ብቻ) በሲሊንደር ስሌት አይያዝም። እዚህ የሚወስነው የአፍንጫው ቀዳዳ ነው። 2 ሚሜ ቀዳዳ በ6 ባር ወደ 200 ኖርማል ሊትር በደቂቃ ያወጣል፤ በደብረ ብርሃን አየር 280 ይሆናል። 1 ሚሜ ሩቡን፣ 3 ሚሜ ሁለት እጥፍ ከሩቡን፤ ስፋቱ በዲያሜትሩ ካሬ ስለሚሄድ። ከፊት ያለው ቫልቭ ከአፍንጫው ከጠበበ ግን ወሳኙ ቫልቩ ይሆናል።

አንዲት 2 ሚሜ አፍንጫ ከላይ ካሰላነው ሲሊንደር ይልቅ ትበላለች ማለት ነው። ሳያቋርጥ የሚነፋ ቱቦ ያለበት መስመር ላይ በመጀመሪያ መደረግ ያለበት ሶሌኖይድ ቫልቭ ገጥሞ ዕቃው ፊት ለፊት ሲደርስ ብቻ እንዲከፈት በሴንሰር ማዘዝ ነው። ከሦስት ሰከንድ አንዷን ብቻ ቢነፋ 280ው ወደ 93 ይወርዳል። ለማድረቂያ 6 ባር የሚያስፈልገውም አልፎ አልፎ ነው፤ ለአፍንጫዎቹ ለብቻ ሪጉሌተር (ግፊት መቀነሻ) አድርጎ 3 ባር ላይ መሞከር ተገቢ ነው።

በታንኩና በሰዓት

500 ሊትር ታንክ ያለው መስመር ይሁን። መጀመሪያ ከታንኩ ሥር ያለውን ውሃ አፍስሱ፤ 40 ሊትር ውሃ የተኛበት ታንክ 500 ሊትር ተብሎ ቢሰላ ውጤቱ በ8 በመቶ ይሳሳታል። ኮምፕሬሰሩን እስከ ላይኛው ግፊት አስነስታችሁ አጥፉና አየሩ እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ማሽኑ በመደበኛ ፍጥነቱ እየሠራ ከ8 ባር ወደ 7 ባር የወረደበትን ጊዜ ያዙ። ታንኩ ከሪጉሌተሩ ግፊት በላይ መቆየት አለበት፤ ከ6 ባር በታች ከወረደ ማሽኑ ራሱ ሌላ ማሽን ይሆናል።

3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ወሰደ እንበል። 500 × 1 ÷ 0.715 = 699 ሊትር፤ ለ3.5 ሲካፈል 200 ሊትር በደቂቃ ነው። ቀጥሎ ማሽኑ ቆሞ፣ ዋናው የአየር ቫልቭ ግን ተከፍቶ ይኸው ልኬት ይደገም። 20 ደቂቃ ከወሰደ ፍሳሹ 35 ሊትር በደቂቃ ነው። ልዩነቱ 165 ሊትር የማሽኑ ሥራ ነው፤ ከስሌቱ ጋር መቀራረቡን ማየት ይቻላል። የማይቀራረብ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተረሳ ነገር አለ፦ ያልተቆጠረ አፍንጫ፣ ሳያቋርጥ የሚተነፍስ ፖዚሽነር (የቫልቭን አቋም በአየር የሚያስተካክል መሣሪያ)፣ ወይም ማሽኑ ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚያፈስ ሲሊንደር። 0.715 በሚለው ቦታ 1 ያስገባ ሰው 200ውን 143 ብሎ ይጽፋል። ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ ይታያል።

ፍሳሹ ማሽኑ ለሥራ ከሚበላው ሩብ ሲጠጋ ፍለጋው ከቫልቮቹ ሳይለንሰር (ከማስወጫው ድምፅ ማፈኛ) ቢጀመር ጥሩ ነው። ቆሞ ሳለ «ሽሽሽ» የሚል የ5/2 ቫልቭ ማስወጫ ሁለት ሊሆን የሚችል ጥፋተኛ አለው፤ የቫልቩ ስፑል (ውስጡ እየተንሸራተተ የአየሩን መንገድ የሚቀይረው ክፍል) ወይም የሲሊንደሩ ፒስተን ጎማ። መለየቱ ቀላል ነው። አየር የሚገባው በ4 ቁጥር መውጫ ከሆነ፣ ግፊት የሌለበትን የ2 ቁጥሩን ቱቦ ከቫልቩ ንቀሉ። ሲሊንደሩ በዚያ ጊዜ እንዳይንቀሳቀስና እጅ እንዳይደርስበት አስቀድሞ መጠበቅ ግድ ነው። አየሩ ከተነቀለው ቱቦ ጫፍ ከመጣ ፒስተኑ ነው፤ ከቫልቩ ከቀጠለ ስፑሉ ነው። ይህን ሳያደርጉ ቫልቭ መለወጥ የተለመደ ነው፤ አዲሱም ቫልቭ ያንኑ ዜማ ያሰማል።

ፍሎው ሜትር ለሚገጥሙ

በሙቀት የሚለካው ዓይነት ለዚህ ሥራ ይመረጣል፤ ግፊትና ሙቀት ሳይሰላ ቀጥታ ክብደቱን ስለሚለካ። ከማድረቂያው በኋላ ይገጠም፤ የዘይትና የውሃ ጠብታ መለኪያውን ያሳስተዋል። ከፊቱ አምራቹ የሚጠይቀውን ያህል ቀጥ ያለ ቧንቧ ይተውለት። ሲከፈት ስክሪኑ የሚያሳየው ሊትር የየትኛው ሊትር እንደሆነ ሴቲንጉ ላይ ማየት ያስፈልጋል፦ በዲአይኤን 1343 መሠረት በ0 ዲግሪና 1.013 ባር ነው ወይስ በ20 ዲግሪና 1 ባር? በሁለቱ መካከል ወደ 9 በመቶ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ከሁለቱ አንዱም የደብረ ብርሃን ሊትር አይደለም። ተንሳፋፊ ኳስ ወይም ኮን ያለው የመስታወት ሜትር ርካሽ ነው፤ ንባቡ ግን ልኬቱ በተስተካከለበት ግፊት ላይ ብቻ ነው የሚታመነው።

የትኛውን ቫልቭ?

በቀጥታ የሚሠራ ቫልቭ ኮይሉ (መብራት ሲያገኝ ማግኔት የሚሆነው ጥቅል ሽቦ) ራሱ መዝጊያውን ያነሳል። ለመሥራት የአየር ግፊት አይፈልግም፣ ከ0 ባር ጀምሮ ይሠራል፣ ለራሱ የሚበላው አየር የለም። ነገር ግን ቀዳዳው ትንሽ፣ ኮይሉ ትልቅና ሞቃት ነው። ለአነስተኛ አፍንጫና ለቫኩም ይሆናል። በፓይለት የሚሠራው በትንሽ ኮይል ትንሽ አየር ለቅቆ ስፑሉን በአየር ይገፋል፤ ሲሊንደር ለመንዳት ይኸኛው ይሻላል። «ፓይለቱ አየር ይበላል» ተብሎ የሚነገረው ክስ ሲሰላ ይወድቃል፦ የፓይለቱ ክፍል 1 ኪዩቢክ ሴሜ ቢሆን እንኳ በደቂቃ ለ20 ዑደት 0.17 ሊትር ነው። ከ164ቱ ሊትር አንድ ሺኛው።

የፓይለቱ ችግር ሌላ ነው። የውስጥ ፓይለት ያለው ቫልቭ እንደ ዓይነቱ ከ1.5 እስከ 2 ባር የሚደርስ ዝቅተኛ ግፊት ይጠይቃል። ኮምፕሬሰሩ ሳይደርስለት ግፊቱ ሲወርድ ወይም መብራት ጠፍቶ መስመሩ ገና እየሞላ ሳለ ትእዛዝ ቢመጣ ስፑሉ መሐል ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ አየሩ ከመግቢያ በቀጥታ ወደ ማስወጫ ሊነጉድ ይችላል፤ ግፊቱ ጭራሽ አይነሳም፣ ስፑሉም አይንቀሳቀስም። መፍትሔው መስመሩ ቢያንስ 4 ባር ሳይደርስ ፒኤልሲው (የማሽኑ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ለቫልቮቹ ትእዛዝ እንዳይሰጥ በግፊት ስዊች ማሰር፣ ወይም ቀስ ብሎ የሚከፍት መግቢያ ቫልቭ መግጠም ነው። ሪጉሌተሩ ከ2 ባር በታች ለሚሠራ መስመር ወይም ለቫኩም የውጭ ፓይለት ያለው ይመረጣል።

ስፑሉ የጎማ ማሸጊያ ያለው ወይስ ብረት ለብረት? የብረቱ ዕድሜው ረጅም ነው፣ በፍጥነትም ይቀያየራል፤ ነገር ግን አዲስ ሆኖም በመጠኑ ያፈሳል፣ ካታሎጉም ይህንኑ በኪዩቢክ ሴሜ በደቂቃ ይጽፈዋል። በሰከንድ ብዙ ጊዜ ለሚመላለስ ማሽን ይገባዋል። በሰዓት ጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ቀኑን ሙሉ ግፊት ላይ ለሚቆም መስመር የጎማው ይሻላል፣ ምክንያቱም ፍሳሹ ሥራ ባይኖርም ይቆጥራል።

አንድ ኮይል ወይስ ሁለት የሚለው በአየር ፍጆታ ላይ ለውጥ የለውም። ልዩነቱ መብራት ሲጠፋ ይታያል፤ ባለ አንዱ በስፕሪንግ ይመለሳል፣ ባለ ሁለቱ ባለበት ይቆያል። ዕቃ ጨብጦ ለሚይዝ ሲሊንደር ባለ ሁለቱ፣ ሲመለስ አደጋ ለሚያርቅ ባለ አንዱ። ጭነቱ ቀላል ሆኖ ምቱ አጭር ከሆነ ግን ባለ ስፕሪንግ ሲሊንደርን በ3/2 (ባለ ሦስት ቀዳዳ) ቫልቭ መንዳት የመመለሻውን አየር ሙሉ በሙሉ ያስቀራል።

ከቫልቩ ዓይነት ይልቅ ቦታው ብዙ ያተርፋል። ቫልቮቹን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ሰብስቦ 3 ሜትር ቱቦ ከመዘርጋት ሲሊንደሩ አጠገብ በ30 ሴሜ ቱቦ ቢገጠሙ ከላይ ካሰላነው ውስጥ በደቂቃ 26 ሊትር ያህል ይቀራል። የመመለሻው ምት ባዶ ከሆነ ደግሞ በቫልቩና በዘንጉ ወገን መካከል ሪጉሌተር አድርጎ 3 ባር ማድረግ ሌላ 28 ሊትር ገደማ ያስቀራል። ሪጉሌተሩ የመመለሻ ቼክ ቫልቭ ያለው መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ ሲሊንደሩ ሲወጣ አየሩ ታፍኖ ይዘገያል። ሁለቱ አንድ ላይ የፍጆታውን ሲሶ ይወስዳሉ። ሳጥን የሚመርጡ ሰዎች ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ማሽን በውሃ የሚታጠብበት ቦታ ላይ ቫልቭን ደጅ ማስቀመጥ ኮይል መቅበር ነው። እዚያ መሐል ቦታ ላይ ውሃ የማያስገባ ትናንሽ ሳጥን ይሻላል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የደብረ ብርሃን ውርጭም ይታሰብበት። ቀን የተጨመቀው አየር የያዘው እርጥበት ሌሊት ቧንቧው ውስጥ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል፤ ጠዋት የመጀመሪያው ዑደት ያንን ውሃ ስፑሉ ላይ ይደፋዋል። ቅባቱ ይታጠባል፣ ጎማው ይጎተታል፣ ቫልቩ ዘግይቶ ይቀያየራል። ማታ ሥራ ሲያበቃ ታንኩንና የመስመሩን ዝቅተኛ ቦታዎች ማፍሰስ ከመለዋወጫ ይረክሳል።

ውጤቱን ከኮምፕሬሰር ጋር ማገናኘት

200 ሊትር በደቂቃ የሚለው ውጤት የደብረ ብርሃን አየር ነው። የኮምፕሬሰሩ ነፃ አየር የሚባለው ቁጥር ደግሞ የሚስበው አየር መጠን ነው፤ ከፍታ ላይም ያንኑ መጠን ለመሳብ ይቀርባል፣ የመጨመቂያ ምጣኔው ስለሚያድግ ጥቂት በመቶ ብቻ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለቱ በቀጥታ ይነጻጸራሉ። የማሽኑ ፍጆታ በኖርማል ሊትር የተሰጠ ከሆነ መጀመሪያ ለ0.7 (0.715 ÷ 1.013) ይካፈል። ሁለቱንም ማድረግ፣ ማለትም በአካባቢው አየር ያሰሉትን እንደገና ለ0.7 ማካፈል፣ 200ውን ሳያስፈልግ 285 ያደርገዋል።

በፒስተን ኮምፕሬሰር ላይ የተለጠፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ነፃ አየር ሳይሆን የሲሊንደሩ ጠረጋ (ፒስተኑ በምቱ የሚያካልለው ይዘት) ነው። ከዚያ በእውነት የሚወጣው በትንንሾቹ ላይ ከ60 እስከ 75 በመቶ ነው። «350 ሊትር» ተብሎ የተሸጠ 220 ሊትር ያህል ቢሰጥ ሻጩ አልዋሸም፤ የጻፈው ሌላ ነገር ነው። ሞተሩም ቢሆን አብዛኛው ጊዜ አቅሙ የሚወሰነው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው፤ ስስ አየር ስለማያቀዘቅዘው ሙሉ ጭነት ላይ ቀኑን ሙሉ ማቆየት አይገባም። ለ200 ሊትር ፍጆታ ነፃ አየሩ ከ270 እስከ 290 የሆነ ኮምፕሬሰር ከሰዓቱ ሰባ በመቶ ያህሉን ሠርቶ የቀረውን ያርፋል። ማሽኑ ነገ ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ቢተከል ያው ኮምፕሬሰር ይተርፈዋል። በተቃራኒው ከሸዋ ሮቢት የመጣ መስመር ደብረ ብርሃን ሲተከል ግን የአየር ስሌቱ ከዜሮ ይጀመር።